ያገለገለ ፒክአፕ ለጭነትና ለተሳቢ፦ ከኮፈኑ በፊት ሆዱን እይ

ጥያቄ፦ "ትንሽ የመቆፈሪያ ማሽን አለኝ። 1,700 ኪሎ ይመዝናል። የምጭንበት ተሳቢ ባዶውን 600 ኪሎ ነው። ከዚህ ሌላ ፒክአፑ ላይ እስከ 500 ኪሎ ዕቃ እጭናለሁ። ብዙ ጊዜ የምንሄደው እኔና አንድ ረዳቴ ነን። ሁለት ያገለገሉ የናፍጣ ፒክአፖች አይቻለሁ። አንዱ እ.ኤ.አ. የ2014 ደብል ጋቢና ነው። አውቶማቲክ ነው፣ 110,000 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ፏ ያለ ነው። ሌላው የ2011 ሲንግል ጋቢና፣ ማንዋል ነው። 260,000 ሄዷል፤ ግን ከአንድ ድርጅት የወጣ ስለሆነ የሰርቪስ መዝገብ አለው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሰው ሁሉ 'ኪሎ ሜትሩ ያነሰውን ውሰድ' ይለኛል። አንተስ ምን ትላለህ?"

መልስ፦ በጻፍከው ብቻ ፍረድ ካልከኝ የ2011ዱን ነው የምወስደው። "260,000 የሄደ መኪና?" ብለህ ፊትህን እንዳታጨፈግግብኝ። ምክንያቴን እነግርሃለሁ። ከስሩ ታይቶ የማይሆን ከሆነ ደግሞ እሱንም ተወው እላለሁ።

ለሥራ የሚገዛ ፒክአፕ እንደ ቤት መኪና አይታይም። የቤት መኪና ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው "ሞተሩ ደህና ነው ወይ?" ብለህ ነው። ጭነት ላይ ግን ሞተር ከብዙ አንዱ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ሻንሲው፣ ማለትም የመኪናው የብረት አጥንት፣ እና ባሌስትራው፣ ማለትም ከስሩ የተደራረበው የብረት ቅጠል፣ ነው። የሚያቆመው ፍሬኑ ነው። ሙቀቱን የሚቀበለው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እና ራዲያተሩ ነው። ሞተር ቢደክም ይታደሳል፣ ካልሆነም ይቀየራል። የተጣመመ ሻንሲ ግን ጣጣው አያልቅም። ጎማ ይበላል፣ መሪ ይስባል፣ በር አይገጥምም፣ ስትሸጠውም ገዢ ይሸሻል።

መኪና ከማየትህ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ። የሚያስፈልግህ አራት ቁጥር ነው። አንደኛው መኪናው ባዶውን የሚመዝነው ነው። ሁለተኛው አምራቹ የፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ነው፤ መኪናው፣ ሰዉ፣ ነዳጁና ጭነቱ አንድ ላይ ማለት ነው። ሦስተኛው ሊጎትት የሚችለው ነው። አራተኛውን ብዙ ሰው ሰምቶት አያውቅም፦ መኪናውና ተሳቢው አብረው ማለፍ የሌለባቸው የጥምር ክብደት ወሰን። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም ኮፈኑ ስር ባለው ሰሌዳ ላይ ተጽፈዋል። የቀሩት መመሪያ መጽሐፉ ውስጥ አሉ። ሻጩን አትጠይቀው። ሻጭ ሁሌም "ሦስት ቶን ተኩል ይጎትታል" ነው የሚልህ።

በእርግጥ ቁጥሩ ፈጠራ አይደለም። የቅርብ ዘመን ብዙ ፒክአፖች 3,500 ኪሎ እንዲጎትቱ ተፈቅዶላቸዋል። ግን ይህ ፒክአፑ ራሱ ብዙም ሳይጫን ነው። ለምሳሌ የጥምር ወሰኑ 5,500 ኪሎ ነው እንበል። መኪናህ ከነጭነቱ 3,000 ከመዘነ፣ ተሳቢው በራሱ ጎማ መሬት ላይ ማሳረፍ የሚችለው 2,500 ብቻ ነው። ሁለቱንም ጥግ ድረስ መሙላት አይቻልም። ማስታወቂያ ላይ ይህ አይጻፍም።

አሁን ያንተን ሂሳብ እንሥራ። ማሽኑና ተሳቢው ሲደመሩ 2,300 ኪሎ ይሆናሉ። ተሳቢ ስትቀጥል ከክብደቱ የተወሰነው መንጠቆው ላይ ያርፋል። ለእንዲህ ያለ ተሳቢ የተለመደው ልክ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። አንዳንድ አምራች የሚፈቅደው ከዚህ ያነሰ ስለሆነ መንጠቆው ላይ የተጻፈውን እይ። ከልኩ ካነሰ ተሳቢው ፍጥነት ላይ ጅራቱን መቁላት ይጀምራል። ከበዛ ደግሞ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይልና መሪው ይቀልልብሃል። እኛ 10 በመቶ እንያዝ፤ 230 ኪሎ ማለት ነው። ይህ 230 ኪሎ ፒክአፑ ላይ እንደተጫነ ጭነት ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። "ተሳቢው የራሱ ጎማ አለው" ብሎ ከሂሳቡ ያወጣዋል።

ደብል ጋቢናው የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 3,000፣ ባዶው 2,050 ነው እንበል። ይህ ለምሳሌ ነው፤ ትክክለኛውን ከሰሌዳው ታነባለህ። 950 ኪሎ ቀረህ። ሁለት ሰው 160 ይወስዳል። ፏ ያለ ካልክ የፊት መከላከያ ብረት፣ የኋላ ክዳንና መጎተቻ ተገጥሞለት ይሆናል፤ ለእነሱ 130 ቀንስ። መንጠቆው ላይ 230። የሚተርፍህ 430 ነው። አንተ ደግሞ 500 ትጭናለህ። መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ ከወሰኑ በ70 ኪሎ አልፏል።

ሲንግል ጋቢናው ባዶውን 1,800 ይመዝናል ብንል 1,200 ይተርፈዋል። ሰዉን፣ መጎተቻውንና የመንጠቆውን ክብደት ስትቀንስ ከ750 በላይ ይቀርሃል። ተጨማሪ ጥቅምም አለው። የጭነት ሳጥኑ ረጅም ስለሆነ ከባዱን ዕቃ ከኋላ አክሰል ወደ ፊት አስጠግተህ መጫን ትችላለህ። ደብል ጋቢና ላይ ሳጥኑ ያጥርና ክብደቱ ወደ ጅራት ይሸሻል። ጅራት ላይ ያለ 100 ኪሎ መሀል ላይ ካለ 100 ኪሎ ጋር እኩል አይደለም። እንደ መፈንቅል ነው የሚሠራው። ቤተሰብ የማትጭንበት ከሆነ የኋላ ወንበር በየቀኑ የምታመላልሰው የማይከፈልበት ጭነት ነው።

ሂሳቡ ካለቀ ወደ ሆዱ እንግባ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ "ና እይልኝ" ብሎ ወሰደኝ። መኪናው ከላይ እንከን የለውም። ተንበርክኬ ሳይ ሻንሲው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ተቀብቷል። ቀለሙ ገና ይሸታል። ሻጩ "ከዝገት እንዲጠበቅ ብዬ ነው" አለኝ። በካቻቢቴ እጀታ ከፊት ጀምሬ መታ መታ እያደረግኩ ሄድኩ። ደህና ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከኋላ ጎማው በላይ፣ ሻንሲው ጎበጥ የሚልበት ቦታ ስደርስ ድምፁ ድንገት ታፈነ። ካቻቢቴውን አዙሬ በጫፉ ገፋ አደረግኩት። ገባ። ብረቱ አልቆ የቀረው ቀለሙ ነበር። ሻጩ ሌላ ወገን እያየ ስልክ ማናገር ጀመረ።

ስለዚህ ከስር ትኩስ ቀለም ስታይ ደስ አይበልህ። የሥራ መኪና ሆድ ላይ አቧራና የደረቀ ጭቃ ቢኖር ይሻላል፤ ቢያንስ የሚደበቅ ነገር የለም። ዝገት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከውስጥ ነው። ጭቃና እርጥበት ሳጥን መሰል ብረት ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የባሌስትራው ማንጠልጠያ የተበየደበትን ቦታ፣ የኋላውን ጉብታና መስቀለኛ ብረቶቹን ካቻቢቴ ይዘህ እይ። ስም ያለው መኪና ነው ብለህም አትዘናጋ። ቶዮታ በአሜሪካ ለሸጣቸው የ2005 እስከ 2010 ታኮማዎችና የ2007 እና 2008 ቱንድራዎች፣ ሻንሲያቸው ዝገት በልቶት ሲገኝ ለመቀየር ተስማምቷል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ የፍርድ ቤት ስምምነት ነው። የኒሳን ናቫራ ዲ40 ሻንሲም ለበረዶ ሲባል መንገድ ላይ ጨው በሚረጭባቸው አገሮች ዝገት በልቶት እስከ መሰበር መድረሱ በሰፊው ይታወቃል።

ቀጥሎ መጣመም ነው። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግህም። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው። ከጎን ራቅ ብለህ በጋቢናውና በጭነት ሳጥኑ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከት። ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ካለ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ወደ ታች ጎብጧል ማለት ነው። ይህ በተለይ ደብል ጋቢና ላይ ከባድ ተሳቢ ሲጎተት የሚመጣ በሽታ ነው። በባሌስትራ ፋንታ ወይም ከባሌስትራ ጋር የአየር ከረጢት የተገጠመላቸውን ደግሞ ደግመህ እይ። ከረጢቱ ጭነቱን ሻንሲው ላይ አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል። የኋላው ከፍ ብሎ ስታየው የጠነከረ ይመስልሃል፤ ሻንሲው ግን አልጠነከረም።

የባሌስትራውን ቅጠሎች ቁጠር። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። ቀጥ ብሎ የተኛ ወይም ወደ ታች የተቆለመመ ከሆነ ደክሟል። ተጨማሪ ቅጠል ገብቶበት ካገኘህ መኪናው ከልኩ በላይ ሲጫን ኖሯል። ሻጩ ይህንን እንደ ጥሩ ነገር ሊነግርህ ይችላል፦ "አጠንክሬዋለሁ!" የተፈቀደው ክብደት ግን ባሌስትራ በመጨመር አይጨምርም። አክሰሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ሻንሲው የድሮዎቹ ናቸው።

መጎተቻውን አትርሳ። እሱ የመኪናው የሕይወት ታሪክ ነው። ኳሱ ወደ አንድ ጎን ተፍቆ ከሳሳ፣ የመብራት ገመዱ ደግሞ ተቆራርጦ በፕላስተር ከተጠቀለለ መኪናው ብዙ ጎትቷል። መጎተት ኃጢአት አይደለም፤ የተሠራው ለዚያ ነው። ግን ሻጩ "ምንም ጎትቶ አያውቅም" ካለህ ሌላውንም ቃሉን ከዚህ ጋር መዝነው። መጎተቻው ሻንሲው ላይ በቡሎን የታሰረ እንጂ ፓራውልቱ ላይ ተበይዶ የተንጠለጠለ እንዳይሆንም ተጠንቀቅ።

አሁን ሞተሩ። ቀጠሮ ስትይዝ "ሳላየው እንዳታስነሳው" በል። ስትደርስ መጀመሪያ እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ። ሞቅ ካለ ሰላም ብለህ ነገ ተመለስ። አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል። በቅዝቃዜ አልነሳ ማለቱን፣ የመጀመሪያውን ጭስ፣ የካቴናውን (ሞተሩ ውስጥ ያለውን ሰንሰለት) ድምፅ፣ ሁሉንም። ቀዝቃዛ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። ውሃው ላይ ዘይት መንሳፈፍ የለበትም። የዘይት መሙያው ክዳን ውስጥ ወተት የተቀላቀለበት የመሰለ ነጭ ጭቃ ካየህ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይጣራ ብር አታውጣ።

ሲነሳ ጭሱን ከኋላ ቆመህ እይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው። ነጭ ሆኖ ከሞቀም በኋላ ካላቋረጠ ውሃ እየገባ ወይም ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል እየወጣ ነው። ሲረገጥ ጥቁር የሚያፈስ ከሆነ ኢንጀክተር (ናፍጣውን የሚረጨው)፣ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው) ወይም የአየር ፍልትሮ ይጠረጠራል። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ፈትተህ ገልብጠህ ቀዳዳው ላይ አስቀምጠው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ የናፍጣ ሞተር ነው፣ አይገርምም። እየዘለለ ከወደቀ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል።

ሞተር ላይ የምትመርጠው ፈረስ ጉልበት አይደለም። ለመጎተት ወሳኙ ዝቅ ባለ ዙር የሚገኘው የማሽከርከር ኃይል፣ ቶርክ የሚባለው ነው። የድሮው የሃይሉክስ 3.0 ሊትር፣ 5ኤል የሚባለው ቱርቦ የሌለው ናፍጣ፣ 200 ኒውተን ሜትር ገደማ ነበር የሚሰጠው። ተመሳሳይ መጠን ያለው ባለ ቱርቦ 1ኬዲ 343 ይሰጣል። ከእሱ በኋላ የመጣው 2.8 ሊትሩ 1ጂዲ ሲወጣ ከአውቶማቲክ ጋር 450 ነበር። 5ኤል ቀላልና ታጋሽ ሞተር ነው፤ ማንም መካኒክ ይፈታዋል። ግን ባንተ 2,300 ኪሎ ዳገት ላይ ያለቅስብሃል። ከፍታ ላይ ደግሞ ይብሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ወደ 10 በመቶ የሚሆን ጉልበት ያጣል። ቱርቦ ያለው አብዛኛውን ያካክሰዋል። ለተሳቢ ባለ ቱርቦ ያዝ።

ባለ ቱርቦ ስትይዝ ግን ንፁህ ናፍጣና የዘይት ዲሲፕሊን አብሮ ይመጣል። የዘመኑ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጨው። ውሃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ ኢንጀክተሩን በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። የሰርቪስ መዝገብ ያለውን የ2011 መኪና ያስወደደኝ አንዱ ይህ ነው። መዝገቡ ላይ ዘይትና የናፍጣ ፍልትሮ በየስንት ኪሎ ሜትሩ እንደተቀየረ ታነባለህ። የ2014ቱ ላይ የምታነበው ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ነው። ያ ቁጥር ደግሞ በኮምፒውተር በደቂቃዎች ይቀየራል።

110,000 ይላል አይደል? ፍሬን ፔዳሉን እይ። ላስቲኩ በአንድ ጎን አልቆ ብረቱ ከታየ 110,000 አይደለም። አዲስ ላስቲክ ከሆነም ለምን እንደተቀየረ ጠይቅ። የሹፌሩ ወንበር የበር በኩል ጠርዙ፣ የመሪው ቆዳ፣ የማርሹ ራስ አብረው ነው የሚያረጁት። የሹፌሩን በር ከፍተህ ወደ ላይ አንሳው፤ ማጠፊያው ከተንከላወሰ ብዙ ሺህ ጊዜ ተከፍቷል። ጎማው ላይ ከመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ቀኑን ታነባለህ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱ ጎማዎች አራት ዓይነት ከሆኑ ባለቤቱ እንዴት እንደያዘው ብዙ ይነግርሃል።

ካምቢዮ ላይ አንድ ነገር አስምርበት። አውቶማቲክ ለመጎተት መጥፎ ነው የሚለው ወሬ አርጅቷል። ጥሩ አውቶማቲክ ዳገት ላይ ከባድ ተሳቢ ይዞ ሲነሳ ከማንዋል ይመቻል፤ የሚቃጠል ፍሪሲዮን የለም። ጠላቱ ሙቀት ነው። ዘይቱን በመለኪያው አውጥተህ ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርግ። ጥርት ያለ ቀይ ጥሩ ነው። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ተወው። አንዳንዶቹ መለኪያ የላቸውም፤ ያኔ መካኒክ ከስር ያወጣልሃል። ከራዲያተሩ ፊት ለካምቢዮ ዘይት የተለየ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት ካገኘህ የቀድሞው ባለቤት የገባው ሰው ነው። በአንዳንድ የኒሳን ሞዴሎች፣ በተለይ በ2005 እና በ2010 መካከል በወጡ ፍሮንቲየርና ፓዝፋይንደር አውቶማቲኮች ላይ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ እየተሰነጠቀ ውሃና የካምቢዮ ዘይት ይቀላቀሉ ነበር። ካምቢዮው ከዚያ በኋላ ዕድሜ የለውም።

ማንዋሉ ላይ ፍሪሲዮኑን እንዲህ ፈትሽ። ሜዳ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ እየሄድክ ነዳጁን እስከ መጨረሻው እርገጥ። ዙሩ ከፍ እያለ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ቆመህ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ የሚንኳኳ ድምፅ ኖሮ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ከጠፋ፣ የካምቢዮው ኩሽኔታ ወይም ድርብ የሆነው ቮላኖ (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት) ነው። ቮላኖው ከፍሪሲዮኑ ጋር ሲቀየር ኪስህን ስለሚያራቁት ከዋጋው አስቀንስ።

ስትነዳው ሬዲዮውን ዝጋ። ይህን የምለው ሻጭ ሁሉ ሙዚቃ ስለሚወድ ነው። ነዳጅ ስትለቅ ከኋላ የሚያላዝን ድምፅ ከመጣ ዲፈረንሻሉ ነው። ማርሽ ስትቀይር ከስር "ጓ" ካለ ክሮቸራው (ኃይል ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ) ላልቷል። ፎር ባይ ፎር ካለው ልቅ መሬት ላይ አስገባና ሞክረው፣ ሪዶታውንም (ዝቅተኛውን የኃይል ማርሽ) ጭምር። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አታዙረው፤ ካምቢዮውን ታስጨንቀዋለህ። በመጨረሻ ባዶ መንገድ ላይ ጠበቅ አድርገህ ፍሬን ያዝ። ወደ ጎን መሳብ የለበትም።

ሞዴላቸውን አልጻፍክልኝም፤ ስለዚህ የማውቀውን በአጭሩ ላካፍልህ። ከ2005 እስከ 2015 የወጣው ሃይሉክስ በ1ኬዲ ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ኢንጀክተሩ ግን ክትትል ይፈልጋል። ከስሩ ያለው የመዳብ ቀለበት ሲያስተላልፍ ጥቀርሻ ወደ ዘይቱ ይገባና ካርተሩ (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍነዋል። "ኢንጀክተር ተሠርቷል" ካሉህ ካርተሩ ተከፍቶ ወንፊቱ ታይቶ እንደሆነ ጠይቅ። ይህ ሞተር በካቴና ሳይሆን በቺንጋ (በላስቲክ ቀበቶ) ነው የሚሠራው፤ መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። ኢሱዙ ዲማክስ 4ጄጄ1 ሞተር ያለው በካቴና ይሠራል። እኔ ለሥራ ከሁሉም አብልጬ የምመርጠው እሱን ነው። ጮክ ይላል፣ ውስጡም ደረቅ ያለ ነው፣ ግን ይሠራል።

ፎርድ ሬንጀር ባለ 3.2 ሊትሩ አምስት ፒስተን ጎበዝ ጎታች ነው። 470 ኒውተን ሜትር አለው። በሁለቱ አክሰሎች መካከል ያለው ርቀት 3,220 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ተሳቢ ሲይዝ አይወዛወዝም። አንድ ክፉ አመል አለው። ዘይት ሲቀየር ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ከቆየ የዘይት ፓምፑ ባዶ ይሆንና ሲነሳ ዘይት መሳብ ያቅተዋል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መልሶ መሙላት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ዘይት ሊቀይርለት ገብቶ ሞተር ሊያሳጣህ ይችላል። ሚትሱቢሺ ኤል200 በ3,000 ሚሊ ሜትር አጠር ያለ ነው። ለመታጠፍ ይመቻል፣ ለከባድ ተሳቢ ግን ሌሎቹን አስቀድማለሁ። ኒሳን ናቫራ ዲ40 ከሆነ የሻንሲውን ዝገትና የዋይዲ25 ሞተሩን ካቴና ድምፅ ሳታይ አትደራደር።

ስለ ተሳቢው ፍሬን ምንም አላልክም። በብዙ አገሮች ከ750 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያዛል። ሕጉ ባይኖርም ይህን ሳልመክርህ አልተውህም ነበር። ፒክአፑ የተሠራው የራሱን 3,000 ኪሎ እንዲያቆም ነው። ቁልቁለት ላይ 2,300 ኪሎ ከኋላ ሲገፋው የፍሬኑ ሸራ ይግልና ፔዳሉ እየሰመጠ ይሄዳል። ያኔ የምትይዘው ነገር አይኖርህም። የተሳቢህ ፍሬን የማይሠራ ከሆነ መኪናውን ከመግዛትህ በፊት እሱን አሠራ።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። የ2011ዱን በጠዋት፣ ሳይነሳ እየው። ሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይ፤ ቁጥሩ አካባቢ የመሞረድ ምልክት ካለ ወሬ ሳታበዛ ውጣ። ከዚያ ካቻቢቴ፣ ከዚያ ሞተር፣ ከዚያ መንገድ። ይህን ካለፈ ሻጩ የማያውቀው መካኒክ ዘንድ ውሰደውና ማንሻ ላይ አስወጥተህ አሳየው፤ ሻጩ የሚጠቁምህ መካኒክ ጋ ግን አትሂድ። ድርጅት የያዘውን መኪና ብዙ ሹፌር ስለሚፈራረቅበት ወንበሩና ፍሪሲዮኑ ቢደክም አይግረምህ። እነሱ ይቀየራሉ።

የ2014ቱን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አትጣለው። ፔዳሉና ወንበሩ ከኪሎ ሜትሩ ጋር ከተስማሙ፣ በጋቢናውና በሳጥኑ መካከል ያለው ክፍተት እኩል ከሆነ፣ የካምቢዮው ዘይት ቀይ ከሆነ፣ የሰሌዳው ቁጥርም ከላይ የሠራነውን ሂሳብ ከተሸከመ ጥሩ መኪና ነው። ያኔ ያንን የፊት ብረትና የኋላ ክዳን አውልቀህ ሽጠው። ከ70 እስከ 100 ኪሎ ታተርፋለህ።

የትኛውንም ብትገዛ በመጀመሪያው ሳምንት የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የሁለቱንም ዲፈረንሻል ዘይት ከነፍልትሮው ቀይር። የራዲያተሩን ውሃም እንዲሁ። የተሳቢውን ኩሽኔታ ፈትተህ ግሪስ አስቀባ፤ እሱን ማንም አያስታውሰውም። ከዚያ ማሽኑን ጭነህ፣ ዕቃህን ሞልተህ፣ ረዳትህን አስቀምጠህ ወደ ከባድ መኪና ሚዛን ውሰደው። መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ላይ፣ ቀጥሎ ተሳቢው እንደተቀጠለ የፒክአፑን ጎማዎች ብቻ አስመዝን። ፒክአፑ ከሰሌዳው ቁጥር በላይ ከመዘነ ማሽኑን ተሳቢው ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርገውና እንደገና አስመዝን። ከመንጠቆው ልክ በታች እስኪወርድ ድረስ ግን አትሳበው። የሚበቃውን ቦታ ስታገኝ ተሳቢው ወለል ላይ በቀለም አስምርበት። ረዳትህ ማሽኑን ሲጭን ሁልጊዜ እዚያ መስመር ላይ ያቁመው።